ከነጋዴነት እስከ ፓሻነት፦ የቨርነር ሙንዚንገር ሕይወትና አሟሟት (1832–1875)

መግቢያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍና ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ከመጡት አውሮፓውያን ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ቆይተው የጉዞ ማስታወሻቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ከእነዚህ ይለያል። ለንግድ መጥቶ በከረን ኑሮውን መሠረተ፤ ከአገሬው ተጋባ፤ የሕዝቡን ልማድና ሕግ አጥንቶ መጽሐፍ ጻፈ፤ ከዓመታት በኋላ ግን ያንኑ አገር በግብፅ ኸዲቭ ስም በጦር ያዘ። ወደ ሸዋ ለመዝለቅ ሲጓዝም በአውሳ፣ በአፋር ምድር፣ ተገደለ።

በኢትዮጵያ የታሪክ ጽሑፎች ሙንዚንገር በአብዛኛው የሚወሳው የጉንደትና የጉራዕ ጦርነቶች መንደርደሪያ ሆኖ ነው። በአውሮፓ የጂኦግራፊና የሥነ ሰብ ጥናት ታሪክ ደግሞ ስሙ ከተመራማሪዎች ተርታ ይገኛል። ሁለቱ ገጽታዎች ተነጣጥለው ሲታዩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለቱን በአንድነት በመመልከት፣ በእንግድነት የተገኘ ዕውቀት እንዴት የወረራ መሣሪያ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም የት ላይ እንደ ከሸፈ ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሙንዚንገር ኤፕሪል 21 ቀን 1832 በስዊዘርላንድ በዞሎቱርን ካንቶን፣ ኦልተን በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ ዮሴፍ ሙንዚንገር በ1848 በተቋቋመው የመጀመሪያው የፌዴራል ምክር ቤት ከተመረጡት ሰባት አባላት አንዱ ሲሆኑ፣ በ1851 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ልጁ እንደ አባቱ በፖለቲካ መንገድ አልሄደም። በበርን የተፈጥሮ ሳይንስን፣ በሙኒክና በፓሪስ ደግሞ የምሥራቅ ቋንቋዎችንና ታሪክን ተማረ። በ1852 ወደ ካይሮ ተሻግሮ ዐረብኛውን አጠናከረ፤ ከዚያም በእስክንድርያ ወደ ነበረ የንግድ ቤት ገባ።

ይህ የሁለት ሙያ ጥምረት በኋላ ለሆነው ሁሉ መነሻ ነው። የንግድ ቤቱ የቀይ ባሕርን ገበያ የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ወጣቱም ለቋንቋ ጥናቱ አዲስ መስክ ይሻ ነበር። በ1854 የአንድ የንግድ ጉዞ መሪ ሆኖ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ፤ ምጽዋም ደረሰ።

በከረን የሠፈረው ነጋዴ

ምጽዋ በዚያን ጊዜ በኦቶማን ቱርክ ሥር የምትገኝ ወደብ ነበረች። ከደጋውና ከቆላው የሚመጣው የዝሆን ጥርስ፣ ቆዳ፣ ሙጫና ሰም በእርሷ በኩል ይወጣ ነበር። ሙንዚንገር በወደቡ ሙቀት ውስጥ ተቀምጦ ከደላሎች ዕቃ ከመረከብ ይልቅ በ1855 ወደ ቦጎስ አገር ዋና መንደር ወደ ከረን ወጣ። ከረን ከምጽዋ ወደ ከሰላ የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት፣ የደጋው ክርስቲያንና የቆላው ዘላን የሚገናኙባት ስፍራ በመሆኗ ለነጋዴም ለተመራማሪም የምትመች ነበረች። በዚያም የአካባቢውን ተወላጅ ወለተ ማርያምን አግብቶ ስድስት ዓመት ያህል ኖረ።

በእነዚህ ዓመታት ያካሄደው ጥናት ከአላፊ ተጓዥ ምልከታ እጅግ የራቀ ነው። በቦጎስ ሕዝብ ልማድና ሕግ ላይ የጻፈው መጽሐፍ በ1859 በቪንተርቱር ታተመ። መጽሐፉ በጌቶችና በጥገኞች መካከል ያለውን ግንኙነት፣ ጋብቻንና ውርስን፣ ደም መመለስንና የደም ካሳን በሥርዓት ይዘረዝራል። በ1864 የምሥራቅ አፍሪካ ጥናቶቹ፣ በ1865 ደግሞ የትግረ ቋንቋ የቃላት መድበሉ ታተሙ። የዚያ ዘመን የብሌንና የትግረ ተናጋሪ ማኅበረሰቦችን ልማዳዊ ሕግ የሚያጠና ሰው ዛሬም ቢሆን እነዚህን ሥራዎች ሊያልፋቸው አይችልም።

ሆኖም የጥናቱ ጥልቀት የመጣው ከተመራማሪው ትጋት ብቻ አይደለም። ስለ ደም ካሳና ስለ ርስት ክርክር የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዕውቀታቸውን የሰጡት በመካከላቸው ለሚኖር፣ ሴት ልጃቸውን ላገባ ጎረቤት ነበር። የመረጃው ምንጭ አመኔታ ነው። ይህ ነጥብ ከዚህ በኋላ የሚከተለውን ታሪክ ለመመዘን ወሳኝ ነው።

በ1861 ሙንዚንገር በቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ይመራ የነበረውን የጀርመን ጉዞ ተቀላቀለ። ያው ዓመት ሳያልቅ ከመሪው ተለይቶ ከቴዎዶር ኪንዘልባኽ ጋር በጋሽና በአትባራ ወንዞች በኩል ወደ ካርቱም አቀና። በ1862 እስከ ኮርዶፋን ቢደርስም ወደ ዳርፉር ለመዝለቅ ያደረገው ሙከራ አልተሳካም። በ1863 ለአጭር ጊዜ ወደ አውሮፓ ሄዶ ተመለሰ።

ቆንስሉና የመቅደላ ዘመቻ

ከ1860ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሙንዚንገር ዕውቀት ገዥ አገኘ። የብሪታንያ ቆንስል ካሜሮን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በ1864 ከታሰረ በኋላ፣ ሙንዚንገር በምጽዋ ለብሪታንያ፣ ቆይቶም ለፈረንሳይ በቆንስልነት አገለገለ። ብሪታንያ እስረኞቿን ለማስፈታት በ1867 ጦር ለመላክ ስትወስን የአገሩን መንገድ፣ የውኃ ስፍራና የመሳፍንት ግንኙነት የሚያውቅ ሰው አስፈለጋት። ሙንዚንገርም በዚያው ዓመት ከሐንፊላ ጠረፍ ተነሥቶ የአፋርን የጨው በረሃ በማቋረጥ እስከ ደጋው ግርጌ ያለውን መንገድ መረመረ፤ ከዚያም ከዘመቻው ጋር ወደ ደጋው ዘለቀ።

የናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፈ፣ በአንታሎና በአሸንጌ በኩል አልፎ ወድላንና ደላንታን አቋርጦ በሻሎን ተሻገረ። ኤፕሪል 10 ቀን 1868 በአሮጌ ሜዳ ተዋጋ፤ ከሦስት ቀን በኋላም መቅደላን ያዘ። ለወሎ ታሪክ ይህ ዘመቻ ዐቢይ ምዕራፍ ነው። በሙንዚንገር ሕይወትም መታጠፊያ ነው፤ ለሳይንስ የሰበሰበው ዕውቀት በጦር መሪዎች እጅ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በተግባር አይቷልና። በ1870 ከእንግሊዛዊው ሻምበል ማይልስ ጋር የደቡብ ዐረቢያን ጠረፍ መርምሮ ሲመለስ፣ ከወዲያኛው ዳርቻ ሌላ ጥሪ ጠበቀው።

የቦጎስ ገዥ

ምጽዋ ከ1865 ጀምሮ ከኦቶማን ሱልጣን ወደ ግብፁ ኸዲቭ እስማኤል ተላልፋ ነበር። ኸዲቩ የናይልን ሸለቆና የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ በአንድ ግዛት ለማጠቃለል ይጥር ስለ ነበር አውሮፓውያን ባለሙያዎችን በብዛት ይቀጥር ነበር። በ1871 ሙንዚንገርን በቤይ ማዕረግ የምጽዋ ገዥ አድርጎ ሾመው። በ1872 የፓሻነት ማዕረግ ጨምሮ የምሥራቅ ሱዳን ጠቅላይ ገዥ አደረገው። የምጽዋን ደሴት ከዋናው ምድር ያገናኘው የድንጋይ መተላለፊያ ከእርሱ አስተዳደር ሥራዎች አንዱ ነው።

በጁላይ 1872፣ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በአክሱም የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በአዘቦ በኩል ዘመቻ ላይ በነበሩበት ጊዜ፣ ሙንዚንገር የግብፅን ጦር እየመራ ከረንን ያዘ። በዚያም ምሽግ አሠራ። በዚያው ወቅት በምጽዋና በደጋው መካከል ያለውን አይለትን ከአካባቢው ሹም በገንዘብ ገዛ። የነጋዴነት ልማዱ ከገዥነቱ ጋር ምን ያህል ተዛምዶ እንደ ኖረ ይህ ያሳያል፤ ቦጎስን በጦር፣ አይለትን በግዢ ለኸዲቩ አስገባ። ዐፄ ዮሐንስ እንግሊዛዊውን አማካሪያቸውን ጆን ቻርለስ ኪርካምን ደብዳቤ አስይዘው ወደ አውሮፓ መንግሥታት ቢልኩም ተጨባጭ ድጋፍ አላገኙም።

ሙንዚንገር ድርጊቱን እንዴት እንደ ተመለከተው መገመት አያስቸግርም። ቦጎስ ከሱዳን በኩል በሚመጣ ወረራና በደጋው ግብር መካከል ለዘመናት የተጨነቀ አገር ነበር፤ ስለዚህ አንድ የጸና መንግሥት ሰላም ያመጣለታል ብሎ ማሰብ ይቻላል። የሕዝቡ ፈቃድ ግን አልተጠየቀም። የአገሩን ሕግ ከማንኛውም የውጭ ሰው በተሻለ የሚያውቅ ሰው፣ ያ ሕግ የማያውቀውን አገዛዝ ይዞ መጣ።

የአውሳ ጉዞና ሞት

በ1875 ኸዲቭ እስማኤል ኢትዮጵያን ከብዙ አቅጣጫ ለመክበብ ተነሣ። ራውፍ ፓሻ በኦክቶበር ሐረርን ያዘ። በዴንማርካዊው አረንድሩፕ የሚመራ ጦር ከምጽዋ ወደ ደጋው ወጣ። ሙንዚንገር ዋናውን ጦር እንዲመራ አልተመረጠም፤ ይልቁንም ከታጁራ ተነሥቶ በአውሳ በኩል ወደ አንኮበር እንዲዘልቅና ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ግንኙነት እንዲከፍት ታዘዘ። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ለዐፄ ዮሐንስ ገና አልገበሩም፤ ግብፅም በእርሳቸው በኩል ተባባሪ ለማግኘት ተስፋ አድርጋ ነበር።

ኦክቶበር 27 ቀን ሙንዚንገር 350 ያህል ሰዎች ይዞ ከታጁራ ተነሣ። ባለቤቱ ወለተ ማርያምና ስዊዘርላንዳዊው ሐገንማኸር አብረውት ነበሩ። መንገዱ ውኃ የራቀበት፣ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት በረሃ ነው። ከበረሃው ማዶ የአዋሽ ወንዝ ወደ ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች ውስጥ የሚያልቅበት ለምለም የአውሳ ምድር ይገኛል። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ኃይል የተመሠረተው በዚህ ውኃና ግጦሽ፣ እንዲሁም ከባሕር ወደ ሸዋና ወደ ወሎ ደጋዎች በሚወጣው የሲራራ መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ በፈቃድ የሚያልፍ ነጋዴ ጥቅም ነው፤ መድፍና ጦር ይዞ የሚያልፍ የግብፅ ፓሻ ግን የሱልጣኔቱን ህልውና የሚነካ ጉዳይ ነበር።

ኖቬምበር 14 ቀን 1875 (ኅዳር 5 ቀን 1868 ዓ.ም.) ሌሊት የአፋር ተዋጊዎች የጉዞውን ሰፈር በድንገት አጠቁ። ሙንዚንገርና ባለቤቱ ከአብዛኞቹ ተከታዮቻቸው ጋር ተገደሉ። ሐገንማኸር ከጥቃቱ ቢያመልጥም በማፈግፈጉ ጉዞ ሕይወቱ አለፈ። ሙንዚንገር ሲሞት 43 ዓመቱ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም.፣ የአረንድሩፕ ጦር በጉንደት ተደመሰሰ፤ መሪውም ወደቀ። ይህን ለመበቀል የተላከው ትልቅ ጦር በማርች 1876 በጉራዕ ተሸነፈ። የግብፅ ወረራ ዕቅድ በሰሜን በኢትዮጵያ ጦር፣ በምሥራቅ በአፋር ተዋጊዎች እጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰበረ። የጉንደት ድል በሰፊው ሲዘከር የአውሳው ግን በግርጌ ማስታወሻ የሚታለፍ መሆኑ ሚዛኑን የሳተ ነው። በአውሳ የተዘጋው መንገድ ለግብፅ በሸዋ በኩል ሊከፈት የነበረውን ሁለተኛ ግንባር አብሮ ዘግቷልና።

ማጠቃለያ

ሙንዚንገር ቢሞትም በከረን የተከለው አገዛዝ ወዲያው አልተነቀለም። ቦጎስ በግብፅ እጅ ቆይታ ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጁን 1884 በዐድዋ በተፈረመው የሂወት ውል ነው። በዓመቱ ጣልያን ምጽዋን ያዘች፤ በ1889 ደግሞ ከረን ገባች። ሙንዚንገር ለኸዲቩ የጠረገው ከባሕር ወደ ደጋ የሚወስድ በር ለሌላ ቅኝ ገዥ አገለገለ።

የዚህ ሰው ሕይወት ለተመራማሪ የሚያቀርበው ጥያቄ ሥራዎቹ ይጠቀሙባቸው ወይስ ይጣሉ የሚል አይደለም። የቦጎስ ሕግ መዝገቡ ዋጋ ያለው ምንጭ ነው፤ የከረን ወረራው ደግሞ በሰነድ የተረጋገጠ ድርጊት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይፍቀውም። ይልቁንም የመጽሐፉ አንባቢ እያንዳንዱን ገጽ ማን፣ ለማን፣ በምን እምነት እንደ ነገረ እየጠየቀ እንዲያነብ ይገደዳል። በከረን ሙንዚንገርን ያስከበረው በሕዝቡ መካከል የኖረበት ዘመን ነው። በአውሳ ግን ያ ዘመን አልነበረውም፤ የያዘው የኸዲቩን ትእዛዝና 350 ሰዎችን ብቻ ነበር። የአፋር በረሃን አንድ ጊዜ አቋርጦ ካርታውን ቢያውቅም፣ በዚያ ምድር ለማለፍ የሚያስፈልገው የባለቤቱ ፈቃድ ነበር። ያን ፈቃድ ከረን በነጋዴነቱ ዘመን ሰጥታው ነበር፤ አውሳ ነፈገችው።