ማይክል ዴቪት፤ ባለ አንድ ክንዱ የጭሰኞች ጠበቃ

መሬት ላራሹ የሚለው ጥሪ በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ በተማሪዎች አፍ ከመሰማቱ ከሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ ይኸው ጥያቄ በአውሮፓ ምዕራባዊ ዳር ባለችው በአየርላንድ ደሴት ገበሬውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አነቃንቆት ነበር። የዚያ እንቅስቃሴ አባት የሚባለው ማይክል ዴቪት ነው። የአየርላንድ ነገር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ፓርኔል ነው፤ ፓርኔል ባለርስት፣ አንደበቱ የተገራ፣ ለፓርላማ የተፈጠረ ሰው ነበርና። ዴቪት ግን የጭሰኛ ልጅ ነው፤ እኛም ብዕራችንን ለእርሱ ያነሣነው ስለዚሁ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዴቪት መጋቢት 25 ቀን 1846 በማዮ አውራጃ ስትሬድ በምትባል መንደር ተወለደ። ዘመኑ ክፉ ነበር። በ1845 የድንቹን ሰብል በሽታ መትቶት፣ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ ያልነበረው ድኃ በየመንገዱ ይረግፍ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በ1841 ከስምንት ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ሲቈጠር ስድስት ሚሊዮን ተኩል ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያው በረኃብ ወራት ከአየርላንድ ወደቦች እህልና ከብት እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ርኃቡን ያመጣው የድንቹ በሽታ ብቻ አልነበረምና።

የአገሩ የመሬት ሥሪት እንዲህ ነበር። መሬቱ በአመዛኙ ከእንግሊዝ ወራሪዎች ዘር በመጡ ጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበረ። አራሹ ባለርስቱ በፈቀደለት ጊዜ ተቀምጦ፣ ባልፈቀደለት ጊዜ ተነሥ የሚባል ጭሰኛ ነው። ድንጋዩን ለቅሞ፣ ረግረጉን አጠንፍፎ መሬቱን ባሳመረው መጠን ኪራዩ ይጨመርበት ነበር። ሲሶና እርቦ ይገፈግፉ የነበሩ አያቶች ላሉት ለእኛ አገር አንባቢ ይህን ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው በ1850 ቤተሰቡ የኪራይ ውዝፍ መክፈል ስላቃተው ከመሬቱ ተባረረ። መጀመሪያ የሄዱት መንግሥት ለድሆች ወዳቋቋመው የሥራ መጠለያ ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ቤት ደንብ ከሦስት ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ማደር ነበረበት። እናትዮዋ ይህን ስትሰማ ከልጄስ አልለይም ብላ ሁሉንም ይዛ ወጣች። ከዚያ ባሕር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ አገር ገቡ፤ ላንካሸር በሚባለው የጥጥ ፋብሪካዎች አውራጃም ሃስሊንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጡ። ስደተኛው አይሪሽ በዚያ የሚታየው በርካሽ ጉልበቱ የሌላውን ደመወዝ እንደሚያወርድ፣ ሃይማኖቱም እንደሚያስፈራ መጤ ነበር። በ1868 ፀረ ካቶሊክ ረብሻ ሲነሣ፣ በሃስሊንግደን ቤተ ክርስቲያኑን የጠበቁትን ወጣቶች ከመሩት አንዱ ዴቪት እንደነበረ ይነገራል።

ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ሆኗል። ዴቪት በዘጠኝ ዓመቱ ጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ገባ። በ1857 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በ11 ዓመቱ፣ ቀኝ እጁን የመኪናው ጥርስ ያዘው፤ ክንዱም ተቈረጠ። ካሣ የሚባል ነገር አላገኘም። አንድ በጎ አድራጊ ትምህርት ቤት አስገባው። ትምህርት ቤቱ የፕሮቴስታንቶች ነበር፤ ልጁ ካቶሊክ ነው፤ ሆኖም ከሌላ ሃይማኖት ልጆች ጋር አብሮ መማሩ ዕድሜ ልኩን ከሃይማኖት ጥላቻ እንዳራቀው የሕይወቱ አካሄድ ያሳያል። በኋላም ከፖስታ ቤት ጋር በተያያዘ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ተቀጠረ። በአንድ እጅ ፊደል መልቀም ምን ያህል እንደሚያዳግት የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ያውቀዋል። ማታ ማታ በሠራተኞች የትምህርት ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ያነብ ነበር። እጁ ባይቈረጥ ኖሮ ትምህርቱን ባልገፋበት፣ ፋብሪካው ውስጥ በቀረም ነበር፤ የድኃ ልጅ ዕውቀት የሚገዛበት ዋጋ አንዳንድ ጊዜ ይህን ያህል ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው የማን አገር ሰው ነው? በቤቱ የእናቱን የአይሪሽ ቋንቋ ሰምቶ አድጓል፤ እንግሊዝኛውን የሚናገረው ግን በላንካሸር ሠራተኛ ቅላፄ ነበር። እንግሊዞቹ አይሪሽ ይሉታል፤ አይሪሾቹም አነጋገሩን ሲሰሙ እንግሊዝ ይመስላቸዋል። እንደሚመስለን የዴቪት ብሔርተኝነት ከሌሎቹ የተለየው በዚህ ምክንያት ነው። የእንግሊዝን መንግሥት ሲጠላ፣ አብሮት በፋብሪካ የለፋውን የእንግሊዝ ሠራተኛ ጠልቶ አያውቅም።

በ1865 ፌንያን ከሚባለው፣ አየርላንድን በጦር መሣሪያ ነፃ ለማውጣት ከሚሠራው የምሥጢር ማኅበር ገባ። በ1867 የቼስተርን ግምጃ ቤት ለመዝረፍ ከሄዱት ጋር ሄደ፤ ነገሩ አስቀድሞ ስለተሰማ ከሸፈ። በ1870 ለንደን ላይ የጦር መሣሪያ ሲጠብቅ ተይዞ 15 ዓመት ተፈረደበት። ዳርትሙር በሚባለው ወህኒ ቤት ባለ አንድ ክንዱን ሰው ድንጋይ ያስፈልጡት ነበር። ሰባት ዓመት ተኩል ከታሰረ በኋላ በታኅሣሥ 1877 በገደብ ተለቀቀ።

ከእስር የወጣው ዴቪት የገባውን አልነበረም። ጥቂት ሰዎች በጨለማ ጠመንጃ ቢያከማቹ ጭሰኛው ምን አገባው? መሬቱ የባለርስቱ ሆኖ ሳለ ባንዲራ ቢለወጥ ማሳው ላይ ምን ይለወጣል? በ1878 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያ ካሉት ስደተኞች ጋር ተመካከረ። በርኃቡ ዘመን በመርከብ የሄዱት ሰዎች አገራቸውን አልረሱም ነበር፤ ኋላ የትግሉን ወጪ በብዛት የሸፈነው የእነዚሁ ስደተኞች ገንዘብ ነው።

በ1879 ሰብል ጠፋ፤ ከአሜሪካ በሚመጣው እህልም የተነሣ ዋጋ ወደቀ። ሚያዝያ 20 ቀን በማዮ አውራጃ አይሪሽታውን በምትባል መንደር በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ተሰበሰቡ። ዴቪት ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበር። ርስቱን ያስተዳድር የነበረው ሰው እንግሊዝ አልነበረም፤ ፕሮቴስታንትም አልነበረም፤ የራሳቸው የካቶሊክ ቄስ ነበር እንጂ! ከስብሰባው በኋላ ኪራዩ በመቶ 25 ተቀነሰ። ጨቋኝን በዘሩና በሃይማኖቱ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ታሪክ አይመቸውም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 21 ቀን የአየርላንድ የመሬት ማኅበር ደብሊን ላይ ተቋቋመ፤ ፓርኔል ፕሬዚዳንት፣ ዴቪት ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሆኑ። ኃይሉ ግን በየአጥቢያው ባለው ቅርንጫፍ ላይ ነበር። ኪራይ እንዲቀነስ በኅብረት ይጠይቃሉ፤ ካልተቀነሰ ይይዙታል፤ ለተባረረው መጠለያ ይሠሩለታል፤ ጎረቤቱ የተነቀለበትን መሬት ለሚይዝ ሰው ግን ሰላምታ እንኳ የለም። በ1880 ካፕቴን ቦይኮት የሚባል የባለርስት ወኪል ይህ ቅጣት ደረሰበት። አጫጁም፣ አሽከሩም፣ ባለሱቁም ተወው። ሰብሉን ለመሰብሰብ ከሰሜን 50 ያህል ሠራተኞች በሺህ በሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ ታጅበው መምጣት ነበረባቸው፤ ወጪው ከሰብሉ ዋጋ እጅግ በለጠ። እኛ ተማሪዎች ትምህርት አንገባም ባልን ቁጥር የምንጠራው ቦይኮት የሚለው ቃል የዚህ ሰው ስም ነው።

መንግሥት በ1881 ዴቪትን መልሶ አሰረው። በዚያው ዓመት የግላድስተን የመሬት ሕግ ወጣ፤ ኪራይ በፍርድ ቤት እንዲተመን፣ የከፈለ ጭሰኛም እንዳይነቀል ተደረገ። ዴቪት በ1882 ሲፈታ ግን ይህ አይበቃም አለ። መሬት የሕዝብ ሁሉ ሀብት ይሁን፣ ኪራዩም ለመንግሥት ይግባ ብሎ ተነሣ። እዚህ ላይ ሕዝቡ አልተከተለውም። ገበሬው የፈለገው የራሱን ማሳ በራሱ ስም መያዝ ነበር፤ ፓርኔልም ሐሳቡን ገፋው። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአገራችን የታወጀው አዋጅ የመረጠው ዴቪት የተመኘውን መንገድ እንደሆነ፣ ክርክሩም በእኛ ዘንድ ገና እንዳላለቀ አንባቢ ልብ ይበል።

የኋላ ዘመኑን ባጭሩ እናልፈዋለን። ፓርላማ ገባ፤ በ1898 የወጣው ሕግ የአውራጃዎችን አስተዳደር ከባለርስቶች እጅ አውጥቶ ለተመረጡ ምክር ቤቶች ሲሰጥ፣ የመሬቱ ትግል በየመንደሩ ያሠለጠናቸው ሰዎች ወንበሮቹን ያዙ። በግላስጎው ስደተኞቹ አይሪሾች ላቋቋሙት የሴልቲክ እግር ኳስ ቡድን በ1892 በአዲሱ ሜዳ የመጀመሪያውን ሣር የተከለው ዴቪት ነው። በ1903 በሩሲያ ግዛት በኪሺንየቭ አይሁድ ሲገደሉ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ ጻፈ።

አንድ ነገር ግን ሳንወቅሰው አናልፍም። በ1899 እንግሊዝ ቦኤሮችን በመውጋትዋ ተቈጥቶ የፓርላማ ወንበሩን ለቀቀ፤ ደቡብ አፍሪካም ሄዶ ስለ ቦኤሮች ነፃነት መጽሐፍ ጻፈ። ቦኤሮቹ የቆሙበት መሬት የማን ነበር? በስትሬድ፣ በአይሪሽታውን ያልተወውን ጥያቄ በአፍሪካ ላይ አላነሣውም፤ ጥቁሩ ባለአገር በዓይኑ ፊት እንዳለ አልታየውም። ይህን የምንለው ክብሩን ለመቀነስ አይደለም፤ እኛ ካላልነው ማን ይለዋል ብለን ነው።

ግንቦት 30 ቀን 1906 ጥርሱን ተነቅሎ ደሙ በመመረዙ በ60 ዓመቱ ደብሊን ላይ ሞተ። በኑዛዜው ታላቅ ቀብር አልፈልግም ስላለ አስከሬኑ በባቡር ወደ ማዮ ተወስዶ በስትሬድ ተቀበረ። በ1903 የወጣው ሕግ ጭሰኞች በመንግሥት ብድር መሬቱን ከባለርስቶች እንዲገዙ ፈቅዶ ነበር፤ ዴቪት ለባለርስቱ የሚከፈለው በዝቷል ብሎ ተቃውሞታል። ገበሬዎቹ ግን ገዙ፤ ዕዳውንም በየዓመቱ ይከፍሉ ጀመር። በ1932 የዴ ቫሌራ መንግሥት ይህን ገንዘብ ወደ ለንደን አልክም ሲል፣ በሁለቱ አገሮች መካከል እስከ 1938 የቆየ የንግድ ጦርነት ተነሣ።