ሁለት ጨዋታ፣ ስድስት ሜዳሊያ፦ የጃክ ሊንች የሜዳ ሕይወት

መግቢያ

ጃክ ሊንች በትውልድ አገራቸው በአየርላንድ በሁለት ነገር ይታወሳሉ። በፖለቲካው መስክ ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው አገሪቱን መርተዋል። በስፖርቱ መስክ ደግሞ ከ1941 እስከ 1946 ባሉት ስድስት ተከታታይ ዓመታት በየዓመቱ የመላው አየርላንድ ሻምፒዮና ሜዳሊያ አግኝተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከስድስቱ አምስቱ በሀርሊንግ፣ አንዱ በጌሊክ እግር ኳስ የተገኙ ናቸው። በሁለቱ ጨዋታዎች እያፈራረቀ ስድስት ዓመት ሳያቋርጥ የአዋቂዎች ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ተጫዋች የለም።

ይህ ውጤት ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው ልዩ ተሰጥኦ መገለጫ ተደርጎ ይቀርባል። ተሰጥኦው አያጠራጥርም። ሆኖም ስድስቱ ዓመታት አንድ በአንድ ሲመረመሩ እያንዳንዱ ሜዳሊያ የየራሱ ታሪክ እንዳለው፣ ከተጫዋቹ ችሎታ በተጨማሪ የሰፈር ክለብ አደረጃጀት፣ የውድድሩ ሥርዓትና የዘመኑ ሁኔታ በውጤቱ ውስጥ ድርሻ እንደነበራቸው ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሊንችን የተጫዋችነት ሕይወት ከዚህ አንጻር መመልከት ነው።

የሁለቱ ጨዋታዎች ሥርዓት

ሀርሊንግና ጌሊክ እግር ኳስ በ1884 በተርልስ ከተማ በተቋቋመው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ሥር የሚመሩ ጨዋታዎች ናቸው። በሀርሊንግ ተጫዋቾች ጫፉ ሰፋ ባለ የእንጨት ዱላ ትንሽ ኳስ ይመታሉ፤ በጌሊክ እግር ኳስ ደግሞ ትልቅ ኳስ በእጅም በእግርም ያንቀሳቅሳሉ። የሚጠይቁት ክህሎት የተለያየ ቢሆንም ሜዳቸው አንድ፣ የቡድናቸው ቁጥር 15፣ የውጤት አቆጣጠራቸውም ተመሳሳይ ነው። ከአግዳሚው በታች የገባ ኳስ ግብ ተብሎ ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ ከአግዳሚው በላይ ያለፈው አንድ ነጥብ ያስገኛል።

ሁለት ጨዋታ የሚጫወት ሰው እንዲኖር ያስቻሉት ሌሎች ሁኔታዎችም ነበሩ። ማኅበሩ ተጫዋቾቹ ክፍያ የማይቀበሉ እንዲሆኑ ስለሚደነግግ፣ ማንም ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ብቻ ተወስኖ እንዲቆይ የሚያስገድደው የደመወዝ ውል አልነበረም። በዚያ ዘመን ሻምፒዮናው በጥሎ ማለፍ ይካሄድ ስለነበር የአንድ ቡድን የዓመት ግጥሚያዎች ጥቂት ነበሩ። አውራጃዎች በቅድሚያ በየክፍለ ሀገራቸው ይጋጠማሉ፤ የክፍለ ሀገር አሸናፊዎች ደግሞ ለመላው አየርላንድ ዋንጫ ይቀርባሉ። በሌላ በኩል የማኅበሩ ደንብ አባላት ራግቢን፣ ክሪኬትን ወይም በተለምዶ የምናውቀውን እግር ኳስ እንዳይጫወቱና እንዳይመለከቱ ይከለክል ነበር። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ዳግላስ ሃይድ እንኳ በ1938 ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ግጥሚያ በመመልከታቸው ከማኅበሩ የበላይ ጠባቂነት ተሰርዘዋል። ክልከላው እስከ 1971 ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ ጎበዝ ወጣት ችሎታውን ሊያሰፋ ቢፈልግ የቀረበለት መንገድ ከሀርሊንግ ወደ ጌሊክ እግር ኳስ፣ ወይም ከዚህኛው ወደዚያኛው መሻገር ነበር።

ልጅነትና የሰፈር ክለብ

ሊንች ነሐሴ 15 ቀን 1917 በደቡብ አየርላንድ በምትገኘው በኮርክ ከተማ፣ ሻንደን በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው ዳንኤል ሊንች ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እናታቸው ኖራም በስፌት ሙያ የሠሩ ናቸው። ትምህርታቸውን በኖርዝ ሞናስትሪ ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ እናታቸው በማረፋቸው ያደጉበት ቤት ኑሮ ተናጋ። በዚህ ጊዜ ትምህርት ቤቱና የሰፈሩ ክለብ በሕይወታቸው ውስጥ የያዙት ቦታ ከፍተኛ ነበር።

ክለቡ በ1916 በብላክፑል ሰፈር የተመሠረተው ግሌን ሮቨርስ ነው። ግሌን ሮቨርስ የሀርሊንግ ክለብ ሲሆን፣ በዚያው ሰፈር ሴንት ኒኮላስ የተባለ የጌሊክ እግር ኳስ እኅት ክለብ ነበረው። የአንዱ ክለብ ልጆች የሌላውም ተጫዋቾች ነበሩ። አንድ ወጣት በአንድ ሳምንት ዱላ ይዞ፣ በሌላው ሳምንት ያለ ዱላ ከነዚያው ጓደኞቹ ጋር ይሰለፍ ነበር። ሊንች የሁለት ጨዋታ ተጫዋች የሆኑት ባደጉበት ሰፈር ልማድ ነበር፤ በኋላ ዘመን የተደረገ የግል ምርጫ ብቻ አልነበረም። ግሌን ሮቨርስ የኮርክ አውራጃን ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1934 ሲሆን፣ ሊንች ያኔ የ17 ዓመት ወጣት ነበሩ። ክለቡ ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 1941 ስምንት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ሴንት ኒኮላስም በ1938 እና በ1941 የአውራጃው የእግር ኳስ ሻምፒዮን ሆነ።

የሽንፈት ዓመታት

የኮርክ የሀርሊንግ ቡድን ከ1931 በኋላ የመላው አየርላንድን ዋንጫ ሳያገኝ ዓመታት አሳልፏል። በ1939 በሊንች አምበልነት የመንስተር ክፍለ ሀገርን አሸንፎ በደብሊን ክሮክ ፓርክ ለፍጻሜ ቀረበ። ቀኑ መስከረም 3 ቀን 1939፣ ብሪታንያ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችበት ዕለት ነበር። በጨዋታው መካከል ነጎድጓድና መብረቅ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ግጥሚያውም እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ኪልኬኒ 2 ግብና 7 ነጥብ፣ ኮርክ 3 ግብና 3 ነጥብ አስቆጠሩ። በድምሩ 13 ለ12 ሲሆን፣ ኮርክ በአንድ ነጥብ ልዩነት ዋንጫውን አጣ። በ1940 ደግሞ ኮርክ በመንስተር ፍጻሜ ከሊምሪክ ጋር እኩል ወጥቶ በድጋሚ ጨዋታ ተሸነፈ። የስድስቱ ዓመታት ድል የተከተለው እነዚህን ሁለት ሽንፈቶች ነው።

1941፦ ያልተሟላው ድል

በሜዳሊያ ዝርዝር ላይ 1941 ከሌሎቹ ዓመታት ጋር እኩል ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዓመት ግን የከብቶች የአፍና የእግር በሽታ በመዛመቱ የሰዎች እንቅስቃሴ ተገድቦ ነበር። የበሽታው ክልከላ ከነካቸው አውራጃዎች መካከል ጠንካራዎቹ ቲፐረሪና ኪልኬኒ ይገኙበታል። የመንስተር ፍጻሜ ሳይካሄድ በመዘግየቱ ኮርክ ክፍለ ሀገሩን እንዲወክል ተመረጠ። በመላው አየርላንድ ፍጻሜም ደብሊንን 5 ግብና 11 ነጥብ ለ6 ነጥብ በሆነ ሰፊ ልዩነት አሸነፈ። በበልግ የመንስተር ፍጻሜ በመጨረሻ ሲካሄድ ግን ቲፐረሪ ኮርክን ረታ። የመላው አየርላንድ ሻምፒዮን የሆነው ቡድን በራሱ ክፍለ ሀገር ሁለተኛ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የሊንችን የመጀመሪያ ሜዳሊያ ዋጋ ቢስ አያደርገውም፤ ቡድኑ በቀረበለት ደንብ መሠረት ተጫውቶ አሸንፏል። ነገር ግን የስድስቱ ተከታታይ ዓመታት መነሻ እንዲህ ያለ አጋጣሚ እንደነበረበት ሳይጠቀስ ቢታለፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

የጦርነት ዘመንና የሥራ ኑሮ

ጥያቄውን የመለሱት ቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ናቸው። በ1942 ሊንች አምበል ሆነው ኮርክ ደብሊንን፣ በ1943 አንትሪምን፣ በ1944 ደግሞ እንደገና ደብሊንን በፍጻሜ አሸነፈ። በዚህም ኮርክ የመላው አየርላንድን የሀርሊንግ ዋንጫ አራት ጊዜ በተከታታይ ያነሳ የመጀመሪያው አውራጃ ሆነ። ሊንች በአብዛኛው የሚሰለፉት በመሀል ሜዳ ነበር። ቦታው ኳሱ ወደ ራስ ግብ ሲመጣ ከተከላካዮች ጋር መመለስን፣ ሲወጣ ደግሞ አጥቂዎችን መመገብን የሚጠይቅ በመሆኑ ብርታት ያስፈልገዋል።

አየርላንድ በጦርነቱ ገለልተኛ ብትሆንም የነዳጅ እጥረት ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። በ1944 ኮርክና ሊምሪክ በተርልስ ላደረጉት የመንስተር ፍጻሜ ተመልካቹ ረጅም መንገድ በብስክሌት ስለተጓዘ ግጥሚያው በብስክሌት ስም ይጠራል። ያ ግጥሚያ በእኩል ውጤት ተጠናቆ በድጋሚው የለየው የክሪስቲ ሪንግ የመጨረሻ ደቂቃዎች ግብ ነው። የሊንች የክለብ ጓደኛ የነበሩት ሪንግ በሀርሊንግ ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ናቸው።

ሊንች በእነዚህ ዓመታት በመንግሥት ሥራ ተቀጥረው ይተዳደሩ ነበር። በኮርክ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ላይ ሳሉ በኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሕግ መማር ጀመሩ፤ በ1943 ወደ ደብሊን ተዛውረው ትምህርታቸውን በኪንግስ ኢንስ ቀጠሉና በ1945 በጠበቃነት ተመረቁ። ልምምድና ግጥሚያ ከሥራና ከጥናት በተረፈ ጊዜ የሚከናወኑ ነበሩ።

1945፦ የሁለተኛው ጨዋታ ዓመት

የሊንች ታሪክ ከቡድን ጓደኞቻቸው ታሪክ የሚለየው በ1945 ነው። በዚያ ዓመት ቲፐረሪ ኮርክን በመንስተር የሀርሊንግ ውድድር ከሜዳ አስወጣ። ሀርሊንግ ብቻ ለሚጫወት የኮርክ ሰው፣ ሪንግን ጨምሮ፣ ተከታታይነቱ እዚህ ላይ ተቋረጠ። ለሊንች ግን ሌላ ውድድር ቀርቶላቸው ነበር።

የኮርክ የጌሊክ እግር ኳስ ቡድን የመላው አየርላንድን ዋንጫ ካነሳ 34 ዓመት አልፎት ነበር። በ1943 በግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈው ካቫን በ1945 ፍጻሜ እንደገና ተጋጣሚው ሆነ። ሊንች በአጥቂ መስመር ተሰለፉ። ኮርክ 2 ግብና 5 ነጥብ አስቆጥሮ 7 ነጥብ ያገኘውን ካቫንን በአራት ነጥብ ልዩነት አሸነፈ፤ ከዚያ በኋላም ይህን ዋንጫ እስከ 1973 አላገኘም። በዚህ መሠረት የሊንች አምስተኛ ሜዳሊያ የተገኘው በብላክፑል በልጅነት ከተለመደው ሁለተኛ ጨዋታ ነው። ሴንት ኒኮላስ ባይኖር ኖሮ ተከታታይነቱ በአራት ይቆም ነበር።

በ1946 ኮርክ ወደ ሀርሊንግ ፍጻሜ ተመልሶ በሪንግ አምበልነት ኪልኬኒን 7 ግብና 5 ነጥብ ለ3 ግብና 8 ነጥብ አሸነፈ። ይህ የሊንች ስድስተኛውና የመጨረሻው የመላው አየርላንድ ሜዳሊያ ሆነ። በዚሁ ዓመት ማይሪን ኦኮነርን አገቡ። በ1947 ፍጻሜ ኪልኬኒ 14 ነጥብ፣ ኮርክ 2 ግብና 7 ነጥብ አስቆጠሩ፤ እንደ 1939 ሁሉ ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነበር። የሊንች የድል ዘመን ግራና ቀኙ በአንድ ነጥብ ሽንፈት የታጠረ ነው።

ከሜዳ ወደ ምክር ቤት

ሊንች በ1948 በፊና ፎይል ፓርቲ ዕጩነት የኮርክ ከተማ የምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። እስከ 1950 ድረስ ለአውራጃቸው ሀርሊንግ መጫወታቸውን ቀጥለው ስለነበር ለጥቂት ዓመታት ተጫዋችም የሕዝብ እንደራሴም ነበሩ። ከ1957 ጀምሮ የትምህርት፣ የኢንዱስትሪና ንግድ፣ እንዲሁም የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ካገለገሉ በኋላ በ1966 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1970 ለሰሜን አየርላንድ በሕገ ወጥ መንገድ የጦር መሣሪያ ለማስገባት ታስቧል በሚል በተነሣው ቀውስ ሁለት ኃያላን ሚኒስትሮችን ከሥልጣን አነሡ፤ በ1973 መጀመሪያም አገሪቱን ወደ አውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ አስገቡ። በ1977 ምርጫ ፓርቲያቸው ከ148 መቀመጫዎች 84ቱን አገኘ። በ1979 ሥልጣናቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። በዚያው ዓመት የቀድሞ የክለብ ጓደኛቸው ሪንግ ሲያርፉ በመቃብራቸው ላይ የስንብት ንግግር ያደረጉት ሊንች ናቸው።

ጥቅምት 20 ቀን 1999 በደብሊን አርፈው በኮርክ ተቀበሩ። በዚያው ዓመት በሊ ወንዝ ሥር የተከፈተው የኮርክ የመኪና መተላለፊያ በስማቸው ይጠራል። ማኅበሩ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ1984 በመረጠው የክፍለ ዘመኑ የሀርሊንግ ቡድንም ሆነ በ2000 በተመረጠው የሺህ ዓመቱ ቡድን ውስጥ በመሀል ሜዳ ተካትተዋል።

ማጠቃለያ

የደብሊን የጌሊክ እግር ኳስ ቡድን ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዋንጫ በተከታታይ በማንሣቱ ስድስት ተከታታይ ሜዳሊያ ማግኘት የሊንች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የሁለቱ ውጤቶች ባሕርይ ግን የተለያየ ነው። የደብሊኑ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ለረጅም ጊዜ የመግዛቱ ውጤት ነው። የሊንች ደግሞ በሁለት ቡድኖች፣ በሁለት ጨዋታዎች፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው በመነሣቱ የተገኘ ነው።

የሁለት ጨዋታ ተጫዋችነት ከሊንች በኋላም አልጠፋም፤ የኮርኩ ቴዲ ማካርቲ በ1990 ሁለቱንም ዋንጫዎች በአንድ ዓመት አግኝተዋል። ሆኖም የልምምዱ ጫናና የግጥሚያዎቹ ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ በአውራጃ ደረጃ ሁለቱንም የሚጫወቱ ሰዎች እየተመናመኑ መጥተዋል። ዛሬ አንድ ተጫዋች ሊንችን የማይተካከለው የግድ ችሎታው ስላነሰ አይደለም፤ ሊንችን ያፈራው ሥርዓት ስለተለወጠ ጭምር ነው። 1941 ሳይሸሸግ፣ 1945 በተገቢው ቦታው ተቀምጦ ሲነበብ፣ የስድስቱ ሜዳሊያ ታሪክ ከሊንች ጋር የአንድ ሰፈር፣ የሁለት እኅት ክለቦችና የአንድ ዘመን ታሪክም ሆኖ ይገኛል።