ከትምህርት ቤት ሜዳ የተነሡት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

ለትምህርት ቤቶች የእግር ኳስ ውድድር ማልያ የምንለብስ ተማሪዎች ሁሉ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን ታሪክ ልናውቅ ይገባናል።

አቶ ይድነቃቸው ከታወቁት ባለቅኔ ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጅማ ከተማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ተወለዱ። በአዲስ አበባም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ። በጠላት ወረራ ዘመን ፋሽስቶች ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይጫወቱ ስለ ከለከሉ፣ የዘር ልዩነትን መራራነት ገና በወጣትነታቸው አወቁት።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተወገደች። በጥር 1954 ዓ.ም. እርሳቸው ያሠለጠኑት የኢትዮጵያ ቡድን ግብፅን አዲስ አበባ ላይ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሲሆኑም፣ የዘር መድልዎ ሳይቀር ደቡብ አፍሪካ እንዳትመለስ እስከ መጨረሻው ጸኑ።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር አሰልፋ ዋንጫውን የወሰደችው በ1988 ዓ.ም. ነውና፣ የደከሙበትን ፍሬ በዓይናቸው አላዩም፤ ዘሪው እርሳቸው፣ አጫጁ ሌላ ሆነ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ወደ ሜዳ ስንወጣ ዋንጫውን ብቻ ሳይሆን፣ ከማንም ጋር በእኩልነት ተሰልፎ መጫወት በስንት ድካም እንደ ተገኘ እናስብ።