ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ፤ ከባቡር ፍሬን እስከ ሐዲድ ማቋረጫ

ከፒትስበርግ ተነሥቶ ወደ ስቱበንቪል ይጓዝ የነበረ አንድ የመንገደኞች ባቡር የግራንትን ኮረብታ ዋሻ አልፎ ብቅ ሲል፣ ሐዲዱ የከተማውን መንገድ በሚያቋርጥበት ስፍራ ላይ በፈረሶች የሚጎተት አንድ የዕቃ ጋሪ ነበር። ባለጋሪው አደጋው መድረሱን ባየ ጊዜ ፈረሶቹን በጅራፍ ቢመታቸው ደንብረው ዘለሉና ሰውየውን ከመቀመጫው አስፈንጥረው ሐዲዱ ላይ ጣሉት። የባቡሩ ነጂ ዳንኤል ቴት በዘመኑ የነበረው መሣሪያ ብቻ በእጁ ቢኖር ኖሮ ፊሽካውን ከመንፋት በቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። በዚያን ዕለት ግን ከአጠገቡ አዲስ የተገጠመ አንድ እጀታ ነበረና እርሱን አዞረ። የሙከራውን ጉዞ ለማየት በኋለኛው ፉርጎ የተሳፈሩት የባቡር ሹማምንት ከወንበራቸው ተወርውረው እርስ በርሳቸው ተደራረቡ። በቁጣ ተነሥተው የሆነውን ሊያዩ ሲወርዱ፣ ባቡሩ ከወደቀው ሰው አራት ጫማ ያህል ርቆ ቆሞ አገኙት።

መሣሪያውን የሠራው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ስሙ ዛሬ በይበልጥ የሚነሣው ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ቢሆንም፣ የሕይወቱ የመጀመሪያውና ምናልባትም ታላቁ ሥራ የተፈተነው በዚህ ዓይነት የሐዲድ ማቋረጫ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዌስቲንግሃውስ በኒውዮርክ ግዛት ሴንትራል ብሪጅ በምትባል መንደር ጥቅምት 6 ቀን 1846 ተወለደ። አባቱ በስኬኔክታዲ ከተማ የእርሻ መሣሪያዎችና አነስተኛ የእንፋሎት ሞተሮች የሚሠሩበት ወርክሾፕ ነበረው። ልጁ ለትምህርት ቤት እምብዛም ፍቅር ስላልነበረው ያደገው በዚያው ወርክሾፕ በመፍጫና በመዶሻ መካከል ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያ በሰሜኑ ጦር ሠራዊት፣ ቀጥሎም በባሕር ኃይል በመርከብ መሐንዲስነት አገለገለ። ከጦርነቱ መልስ ዩኒየን ኮሌጅ ቢገባም ከሦስት ወር በላይ አልቆየም። በዚያው በ1865 ለአንድ ተሽከርካሪ የእንፋሎት ሞተር የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። ሞተሩ ገበያ አላገኘም፤ ነገር ግን በኋላ በተርባይን ሥራ የደከመው ሰው የዚህን ሐሳብ ዘር ይዞ መቆየቱ አይቀርም።

ወደ ፍሬን የመራው አጋጣሚ በ1866 ደረሰ። በስኬኔክታዲና በትሮይ መካከል ሲጓዝ ሁለት የጭነት ባቡሮች ተጋጭተው መንገዱ ስለተዘጋ ባቡሩ ለሰዓታት ቆመ። ስፍራው ሜዳ፣ ሐዲዱም ቀጥ ያለ ነበር፤ ሁለቱ ነጂዎች ከሩቅ ተያይተዋል፤ ሆኖም ለማቆም ጊዜ አልበቃቸውም። በዚያ ዘመን ፍሬን የሚያዘው በየፉርጎው ጣሪያ ላይ ተመድበው የሚሠሩ ሰዎች ከአንዱ ፉርጎ ወደ ሌላው እየዘለሉ ጎማ መሰል የእጅ መዘውር ሲያጠብቁ ነው። በበረዶና በዝናብ ጊዜ ከጣሪያ ተንሸራተው ከመንኮራኩር ሥር የሚወድቁት ቁጥራቸው ብዙ ነበር። ወጣቱ ከዚያ ግጭት ስፍራ የተመለሰው ፍሬን በነጂው እጅ ብቻ ተይዞ በሁሉም ፉርጎ ላይ በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይገባዋል የሚል አሳብ ይዞ ነው።

በመጀመሪያ በፉርጎዎቹ ሥር የሚዘረጋ ሰንሰለት አሰበ፤ ባቡሩ ሲረዝም ሰንሰለቱ የማይሆን ሆነ። ቀጥሎ እንፋሎትን በቧንቧ ለማስተላለፍ አሰበ፤ እንፋሎት ግን በረጅም ቧንቧ ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ በክረምትም በረዶ ይሠራል። መፍትሔው የመጣው ከመጽሔት ነው ይባላል። አንዲት ወጣት መጽሔት ለማስፈረም ወደ አባቱ ወርክሾፕ መጥታ እርሱም እርስዋን ለማስደሰት ተመዘገበ፤ በአንደኛው እትም ላይ በጣልያንና በፈረንሳይ ድንበር የሞንሴኒን ተራራ ዋሻ የሚበሱት መሐንዲሶች መሰርሰሪያቸውን በታመቀ አየር እንደሚያንቀሳቅሱ አነበበ። አየር በተራራ ሆድ ውስጥ በረጅም ቧንቧ ተጉዞ ድንጋይ ከበሳ፣ በባቡር ርዝመት ተጉዞ ፍሬን የማይዝበት ምክንያት የለም። ሎኮሞቲቩ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ የአየር ፓምፕና ማጠራቀሚያ፣ በባቡሩ ርዝመት የተዘረጋ ቧንቧ፣ በየፉርጎው ሥር ሲሊንደርና ፒስተን አቀናጅቶ በ1869 ሚያዝያ ወር የፈጠራ መብቱን ተቀበለ። በዚያው ዓመት የዌስቲንግሃውስ የአየር ፍሬን ኩባንያ በፒትስበርግ ተቋቋመ።

ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሆነው ክፍል ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የመጀመሪያው ፍሬን ባቡሩን የሚያቆመው አየር ወደ ቧንቧው ሲላክ ነው። እንግዲህ የቧንቧው መገናኛ ላስቲክ ቢቀደድ ወይም ባቡሩ ለሁለት ቢበጠስ፣ ፍሬን ይበልጥ በሚያስፈልግበት በዚያች ሰዓት ፍሬን የለም ማለት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ነጂው ጉድለቱን የሚያውቀው እጀታውን ካዞረ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው። በገበያ ላይ የተወደደ፣ ስምና ገንዘብ ያመጣ መሣሪያ ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው በረካ ነበር። ዌስቲንግሃውስ በ1872 አሠራሩን ከሥር ገለበጠው። በአዲሱ ፍሬን ቧንቧው ዘወትር በታመቀ አየር የተሞላ ነው፤ በየፉርጎው ሥር ትንሽ የአየር ማጠራቀሚያና ሦስት ተግባር ያለው አንድ ቫልቭ ተቀመጠ። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስካለ ድረስ ፍሬኑ ይለቀቃል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ግን ቫልቩ የማጠራቀሚያውን አየር ወደ ሲሊንደሩ ይለቅና ፍሬኑ ይይዛል። ላስቲኩ ቢቀደድ፣ ባቡሩ ቢበጠስ፣ ሁለቱም ክፍል በየራሱ ይቆማል። ብልሽቱ ራሱ ፍሬን ያዢ ሆነ።

የሁለቱ አሳብ ልዩነት ምን ያህል የሰው ሕይወት እንደሚመዝን በ1889 ሰኔ ወር በአየርላንድ አርማ በተባለ ስፍራ ታየ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትና ወላጆችን ጭኖ ለሽርሽር የሄደ ባቡር ዳገት ላይ አቅም አጥሮት ቆመ። ሠራተኞቹ ፉርጎዎቹን ከፍለው ለመውሰድ ሲቆርጧቸው የኋለኞቹ ፍሬን አጡ፤ ባቡሩ የያዘው በመሳብ የሚሠራ የቫኩም ፍሬን ሲሆን፣ ሲበጠስ ከመያዝ ይልቅ የሚለቅ ዓይነት ነበር። ፉርጎዎቹ ቁልቁል ተንከባለው ከኋላ ከሚመጣው ባቡር ጋር ተጋጩ፤ ሰማንያ ያህል ሰዎች ሞቱ። የብሪታንያ ፓርላማ በዚያው ዓመት ባወጣው ሕግ በመንገደኞች ባቡር ሁሉ ላይ ሲበጠስ ራሱ የሚይዝ ፍሬን እንዲኖር አስገደደ። የዌስቲንግሃውስ ፍሬን ግን በዚያችው አገር በኒዋርክ ከተደረገ የውድድር ሙከራ በመልካም ውጤት ከወጣ አሥራ አራት ዓመት አልፎት ነበር።

በአሜሪካም ቢሆን መንገዱ አልጋ ባልጋ አልነበረም። በ1886 እና በ1887 በአይዋ ግዛት በርሊንግተን ሃምሳ ፉርጎ ባላቸው የጭነት ባቡሮች ላይ በተደረገው ሙከራ አዲሱ ፍሬን ወደቀ። የአየሩ ግፊት መቀነስ ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ፊተኞቹ ፉርጎዎች ቆመው ኋለኞቹ በሙሉ ፍጥነት ይመጡባቸዋል፤ ድንጋጤው ሰውን ከወለል የሚያነሣ ነበር። ፈታኞቹ ረጅም ባቡርን በአየር ብቻ ማቆም እንደማይቻልና ኤሌክትሪክ እንደሚያስፈልግ ወደማመን አዘነበሉ። ዌስቲንግሃውስ በጥቂት ወራት ውስጥ ቫልቩን አሻሽሎ ተመለሰ፤ እያንዳንዱ ቫልቭ የግፊቱ መቀነስ ሲሰማው ከቧንቧው አየር በራሱ እየቀዳ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ መልእክቱ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በፍጥነት ይተላለፋል። በዚያው በ1887 መጸው ሃምሳ ፉርጎ ያለውን ባቡር ከከተማ ከተማ እያዞረ ለባለሙያዎች አሳየ። በ1893 የአሜሪካ ምክር ቤት የባቡር ደኅንነት ሕግ ሲያወጣ ክርክሩ አከተመ።

ከፍሬኑ ጎን ለጎን ዌስቲንግሃውስ ሌላውን ግማሽ ጥያቄ አልዘነጋውም፤ ባቡር መቆም መቻሉ አንድ ነገር ነው፤ መቆም እንዳለበት ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው። ባለጋሪውም የባቡሩን መምጣት አስቀድሞ የሚነግረው ነገር አልነበረም። በየማቋረጫው በር ዘጊ ዘበኛ መመደብ ውድ ነው፤ ዘበኛም ይተኛል፣ ይሰክራል፣ ይሳሳታል። ስለዚህ በአሜሪካም በአውሮፓም ብዙ ፈጣሪዎች ባቡሩ ራሱ በሩን እንዲዘጋ አሰቡ። አሠራሩ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ከማቋረጫው ወዲያ ከሐዲዱ ጎን ፔዳል ይተከላል፤ የባቡሩ መንኮራኩር ሲረግጠው በረጅም ሽቦና በመንሻ አማካይነት አግዳሚው እንጨት ይወርዳል፤ ከማቋረጫው ወዲህ ያለው ሌላ ፔዳል ሲረገጥ ይነሣል።

በሜዳ ላይ ግን ሌላ ነው። ሽቦው በፀሐይ ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል፤ በረዶ መንሻውን ይይዘዋል። በፍጥነት የሚመጣ ከባድ ባቡር ፔዳሉን እንደ መዶሻ ስለሚመታው ብረቱ ዕድሜ አይኖረውም። ቀስ ብሎ ለሚመጣውና ለሚፈጥነው ባቡር የተለያየ ርቀት ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ሽቦው የተበጠሰ ዕለት በሩ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ተላላፊውም ክፍት በር ሲያይ መንገዱ ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። በር ከሌለበት ማቋረጫ ይልቅ የሚያታልል በር ያለበት ማቋረጫ ይብሳል። ፔዳል የሚያውቀው አንድ መንኮራኩር እንደረገጠው ብቻ ነው፤ ባቡሩ ተበጥሶ ግማሹ ሐዲድ ላይ ቢቀር የሚነግረው የለም።

ይህን ጉድለት ከሥሩ የፈታው ዌስቲንግሃውስ አልነበረም፤ ዊልያም ሮቢንሰን የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ስሙ በዌስቲንግሃውስ ዝና ተሸፍኖ መቅረቱም ተገቢ አይደለም። ሮቢንሰን በፔንሲልቬኒያ ኪንዙዋ ላይ በመጀመሪያ የተከለው ምልክት በሐዲድ ዳር መንሻዎች የሚሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ጉድለቱን ራሱ አስተውሎ ተወውና በ1872 የተዘጋውን የሐዲድ ሰርኪዩት አወጣ፤ ያው ዌስቲንግሃውስ ፍሬኑን የገለበጠበት ዓመት ነው። የተወሰነ የሐዲድ ክፍል ከጎረቤቱ በማያስተላልፍ ነገር ይለያል፤ በአንድ ጫፍ አነስተኛ ባትሪ፣ በሌላው ጫፍ ሪሌይ ይቀመጣል። ሐዲዱ ባዶ ሲሆን ኮረንቲው በሁለቱ ሐዲዶች አልፎ የሪሌዩን ብረት ወደ ላይ ይዞ ያቆየዋል። ባቡር ሲገባ መንኮራኩሮቹና አክስሉ ኮረንቲውን በአቋራጭ ስለሚመልሱት ሪሌዩ ኃይል ያጣል፤ ብረቱም በገዛ ክብደቱ ይወድቃል፤ ምልክቱ ይቀላል፣ ደወሉ ይደውላል፣ አግዳሚው ይወርዳል። ባትሪው ቢደክም፣ ሽቦው ቢበጠስ፣ ሐዲዱ ራሱ ቢሰበር ውጤቱ ያው ነው። አንድ ፉርጎ እንኳ ተረስቶ ቢቀር ምልክቱ አይነሣም። ይህን ከአየር ፍሬኑ ጋር አስተያይቶ ላየ ባለሙያ ሁለቱ መንትዮች ናቸው፤ በአንዱ ያለው የአየር ግፊት፣ በሌላው ያለው ኮረንቲ፣ ሁሉ ደኅና መሆኑን ሳያቋርጥ የሚመሰክር ነው፤ ምስክሩ ዝም ሲል ነገሩ ሁሉ ይቆማል። እንከን የለበትም ማለት ግን አይደለም፤ ሐዲዱ ዝገት ሲለብስ ወይም አሸዋ ሲሸፍነው መንኮራኩሩ ኮረንቲውን በሚገባ ስለማያቋርጥ፣ ባቡር ያለበት ሐዲድ ባዶ መስሎ የሚታይበት ጊዜ አለ።

ዌስቲንግሃውስ የሮቢንሰንን መብት የያዘውን የቦስተን ኩባንያና በሃሪስበርግ የነበረ የሐዲድ መቀየሪያ ቁልፎችን የሚሠራ ኩባንያ ገዝቶ አዋሐደና በ1881 ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የእርሱ ድርሻ አየርንና ኤሌክትሪክን ማጋባት ነበር፤ ከባዱን ምልክትና የሐዲድ መቀየሪያ የሚገፋው የታመቀ አየር ሲሆን፣ አየሩን የሚያዘው በቀጭን ሽቦ የሚመጣ ደካማ ኮረንቲ ሆነ። በኤሌክትሪክ ሥራ እጁን ያፍታታው በዚህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የኋላው ታሪክ ለማኅበሩ አባላት የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1886 ኩባንያውን አቋቁሞ የተለዋዋጭ ኮረንቲን ሥርዓት ያዘ፤ በ1888 የኒኮላ ቴስላን የሞተር መብቶች ገዛ፤ ከኤዲሰን ወገን ጋር የመረረ ክርክር ገጠመ፤ በ1893 የቺካጎን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በመብራት አጥለቀለቀ፤ ቀጥሎም የናያጋራን ፏፏቴ ኃይል ለማመንጨት ጀነሬተሮቹን ሠራ። የአገራችን ግድቦች ዛሬ የሚያመነጩትም ኃይል ያው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። ለሠራተኞቹ በ1871 የቅዳሜን ግማሽ ቀን ዕረፍት መስጠቱ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር።

ይሁንና ቫልቭ ሲነድፍ ያልለየው ጥንቃቄ በገንዘብ አያያዝ ላይ አልነበረውም። ኩባንያዎቹን የሚያስፋፋው በብድር ስለነበር በ1907 የአሜሪካ ባንኮች ሲናወጡ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቃተውና በፍርድ ቤት አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በስሙ የሚጠራውን ድርጅት የመምራት ሥልጣን ወደ አበዳሪዎቹ ተላለፈ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈጽሞ ተለየው። የአየር ፍሬን ኩባንያው ግን ከማዕበሉ ተርፎለታል። የሙያ ባልደረቦቹ አልተዉትም፤ በ1910 የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚደንት አደረጉት፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶቹ ደግሞ በተለዋዋጭ ኮረንቲ ሥራው የ1911 ሜዳልያቸውን ሰጡት። የሜዳልያው ስም የተቀናቃኙ የኤዲሰን ነበር።

ከዚያ በኋላ ልቡ ታመመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር መቀመጥ ግድ ሆነበት። በኒውዮርክ መጋቢት 12 ቀን 1914 ሲሞት ዕድሜው ስድሳ ሰባት ዓመት ነበር፤ በስሙ የተመዘገቡት የፈጠራ መብቶች ከሦስት መቶ ስድሳ ይበልጣሉ። በመጨረሻው ወቅት ይነድፈው የነበረው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ የበሽተኛ ወንበር እንደነበር ይነገራል። በጦርነቱ ስላገለገለ በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበረ፤ በዚያው ዓመት ያረፈችው ባለቤቱ ማርጋሪትም ከጎኑ ናት።