ዮፍታሔ ንጉሤ እና ተዋናይ የመምረጥ ሥራ

ስለ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ብዙ ተብሏል። ባለቅኔነቱ፣ ተውኔት ጸሐፊነቱ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተዘመረው የብሔራዊ መዝሙር ግጥም የእሱ መሆኑ በየክፍሉ ይነገረናል። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ የማነሣው ግን ብዙም የማይወራለትን ሥራውን ነው፤ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የሚሆነውን ሰው ፈልጎ ማግኘቱን። ዛሬ በፊልሙና በቴሌቪዥኑ ሰፈር «ካስቲንግ» እንለዋለን። ያን ጊዜ ስም እንኳ አልነበረውም። ለምን ይህን መረጥሽ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ እንጀራዬ እንዲሆን የምፈልገው ሥራ ይኸው ነው።

ዮፍታሔ የተወለደው ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ነው። ያደገው በቤተ ክህነት ትምህርት ሲሆን በቅኔው ስሙ የተነሣ ነበር። ቀኝጌታ የሚለው ማዕረጉም ከዚያው የመጣ ነው። ማኅሌት ያየ አንባቢ እንደሚያውቀው መዘምራኑ በቀኝና በግራ ይቆማሉ፤ የቀኙን ወገን የሚመራው ቀኝጌታ፣ የግራውን የሚመራው ግራጌታ ይባላል። ማን ይምራ፣ ማን ይቀበል፣ የማን ድምፅ የቱን ዜማ ይችላል የሚለው በጆሮ የሚለየው እዚያ ነው። በእኔ አስተያየት ዮፍታሔ ሰው መምረጥን መጀመሪያ የተማረው በዚህ ነው። ግምት ነው ብትሉኝ አልከራከርም፤ ግን ተውኔቶቹ በግጥምና በዜማ የተሞሉ ስለሆኑ፣ ጆሮ የሌለው መራጭ ይዟቸው የትም አይደርስም ነበር።

አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ በዘመናዊ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ኃላፊም ሆነ። ዘመኑ ለቴአትር የሚመች አልነበረም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የምንለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ ሹማምንቱን ይነካል ተብሎ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ዮፍታሔ በ1920ዎቹ እነ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»ን፣ «ምስክር»ን፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»ን ለመድረክ ሲያዘጋጅ ተዋናይ የሚባል ባለሙያ በአገሩ የለም። አዝማሪ አለ፤ አዝማሪ ግን ይናቃል። የጨዋ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ ሲያለቅስና ሲያስቅ መታየቱ ለቤተሰቡ ነውር ነው። ታዲያ ሰው ከየት ይምጣ? ዮፍታሔ የመረጠው ተማሪዎቹን ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ተማሪ ማንበብ ይችላል፣ ግጥም በቃሉ ይይዛል፣ በሰዓቱ ይመጣል። ከሁሉ በላይ ግን መምህሩ ልጁን በየቀኑ ያየዋል፤ የቱ ደፋር ነው፣ የቱ ድምፁ ከኋላ ወንበር ይሰማል፣ የቱ ሰው ሲያየው ምላሱ ይተሳሰራል የሚለውን ያውቃል። በዛሬው አነጋገር ኦዲሽኑ ዓመቱን ሙሉ ነው። ቤተሰቡም ልጄን አዝማሪ አደረግህብኝ ለማለት ይቸገራል፤ ያዘዘው የኔታ ነዋ! ያኔ ቴአትር የተጠለለው በመምህር ክብር ስር ነው። ይህ የምርጫ ብልሃት እንጂ የድርሰት ብልሃት አይደለም።

ጉድለትም ነበረበት። ሽማግሌውንም ሹሙንም የሚጫወተው ያው ልጅ ነው። የሴቶቹንም ቦታ እንደ ዘመኑ ልማድ ጢም ያላበቀሉ ወንዶች ይይዙታል። ይህን የድሮ ታሪክ አድርገን የምናልፈው ካለን እኔ የለሁበትም። ያደግኩት ውርጌሳ ነው፤ ከውጫሌ ወደ መርሳ ስትሄዱ አስፋልቱ ዳር የምታገኟት ከተማ። በትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በተመለከተ ቴአትር ሲታይ ሙሽራዋ የ9ኛ ክፍል ወንድ ልጅ ነበር፣ የእህቱን ሻሽ አስሮ። ሊያስለቅስ የተጻፈው ቦታ ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። በዓመቱ የክበቡ መምህር ሦስት ልጃገረዶች ቤት ድረስ ሄዶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ አባቶቻቸውን ለመነ። አንዱ ብቻ እሺ አሉ፤ ከመግሪብ በፊት ቤቷ ትገባለች በሚል ውል። ልጅቷ ስትጫወት ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ። እኔ ካስቲንግ ምን እንደሚሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወደ ዮፍታሔ ልመለስ። የመዝሙሩን ዜማ ከሠራው ከአርመናዊው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። በ1928 ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ቆመ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። የመራጭ ሀብቱ የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ጦርነቱ የበተነው ያንኑ ነው። ዘመናዊ ትምህርት የቀመሰው ወጣት በ1929 የየካቲት ፍጅትና ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰበት የታወቀ ነው። ዮፍታሔ ከነጻነት በኋላ አገሩ ገብቶ ጥቂት ዓመታት ብቻ ኖሮ በ1939 ዓ.ም አረፈ። ስለ አሟሟቱ የሚወራው ብዙ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስላልሆነ አልገባበትም።

ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 በ«ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ዮፍታሔ አልነበረም። እነ አስናቀች ወርቁ የሴቷን ቦታ በሴት ሲያስይዙም አላየም። ተዋናይነት ደመወዝ ያለው ሥራ ሆነ፤ የመምረጡ ሥራ ግን እስካሁን የአዘጋጁ ወይም የፕሮዲውሰሩ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ ሜሪየን ዶኸርቲ የተባለች ሴት ከትንንሽ ቴአትር ቤቶች ሰው እየለቀመች፣ ያየችውን በካርድ ላይ እየጻፈች፣ ይህን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት አንዷ ሆናለች። እነ ደስቲን ሆፍማን ገና ሳይታወቁ ሥራ ያገኙት በእሷ በኩል ነው። እዚያም ቢሆን የኦስካር ሰጪዎቹ ለካስቲንግ ሽልማት ለመመደብ የወሰኑት በ2016 ዓ.ም ነው፤ ሽልማቱ ከተጀመረ ከዘጠና ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው።

እኛ ጋ ሽልማቱ ይቅርና ስሙም አይጻፍም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ፊልም ሠሪ ወሎዬ አነጋገር የሚችሉ ሰዎች ፈልጎ መጣ። አዲስ አበቤ ተዋናይ አብሽር ሲል እንዴት እንደሚጎረብጥ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከውርጌሳና ከመርሳ 11 ሰው አገኘሁለት፤ ሁሉም ፊልሙ ላይ አሉ። መጨረሻ ላይ ስም ሲያልፍ ሹፌሩ አለ፣ ምግብ ያቀረበችው አለች፣ ሰዎቹን ያመጣቸው ግን የለም።

ከዮፍታሔ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «አፋጀሽኝ» ነው። ርዕሱ ራሱ ለሴት የሚነገር ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር የንባብ ቴአትር አድርገን እንድናቀርበው ለትምህርት ክፍሉ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ የሴቶቹን ቦታ የሚይዙ ሁለት ልጆች አግኝቻለሁ፣ አንዷ ያችው የውርጌሳዋ ናት። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ መራጭ የሚል መስመር እንዲኖርም ጠይቄያለሁ።