የራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረጅ

በዘመነ መሳፍንት ትግራይን የገዙት የእንደርታው ራስ ወልደ ሥላሴ በታሪክ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚነሡት ከየጁው ራስ ጉግሣ ጋር በነበራቸው ፉክክር፣ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንና በቀይ ባሕር በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር ለመገናኘት ባደረጉት ጥረት ነው። የሰንጠረጅ ጨዋታቸው ግን ለጌጥ ያህል ብቻ ይጠቀሳል። ይህ ጨዋታ ስለ አገዛዛቸው የሚገልጸው ነገር አለ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ራሱ ግቢ ሲደርስ በሹማምንቶቻቸው መካከል ተቀምጠው ሲጫወቱ አገኛቸው። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ ሻካራ ሆነው የተሠሩ ትልልቅ ነበሩ፤ የተማረከው ጠጠር በኃይል ተመትቶ ከቦታው ይወገዳል። በዙሪያው ያለው ሁሉ፣ ባሪያ ሳይቀር፣ ጠጠር እያነሣ የሚሻለውን መንገድ ያሳያል። ሶልት ዝሆኑ ሦስት ቤት ይሄዳል ማለቱ መነሻውን ቤት ጨምሮ ቆጥሮ ይመስላል፤ በታወቀው ሕግ ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል።

የጨዋታው አከፋፈት ከአውሮፓው ቼዝ ፈጽሞ ይለያል። ወረራ በሚባለው በዚህ ምዕራፍ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለቱም ወገኖች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ እንደ ፈቃዳቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተጫዋቹ የራሱን ሰልፍ እያዘጋጀ የባላጋራውን እጅ ይከታተላል፤ ባላጋራው ሲለውጥ እሱም ይለውጣል። የዘመኑ መኳንንት ከዘመቻ በፊት ጦር ሲያሰባስቡና አንዱ የሌላውን ዝግጅት ሲሰልል የሚያደርጉት ከዚህ እምብዛም አይርቅም።

ሶልት እንደ ታዘበው፣ ሹማምንቱ በብልሃት ሁልጊዜ ራሱ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር። ነገሩን ተራ ሽንገላ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ሆኖም አያጠግብም። በሰንጠረጅ የድሉ አኳኋንም ይመዘናል፦ ንጉሡን በፈረስ ወይም በደር መያዝ ብዙም አያስከብርም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ መያዝ ግን ያስመሰግናል። ስለዚህ ሁሉም እየጮኸ በሚመክርበት አደባባይ ለጌታ መሸነፍ ራሱን የቻለ ጥበብ ይጠይቃል። ምክሩ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ውጤቱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። በራሱ ግቢ ሥልጣን የተያዘበት መንገድም ይኸው ይመስላል፤ የሹማምንቱ ታዛዥነት ከአንድ ሽማግሌ ሰው ክብር ጋር የተሳሰረ ነበር።

ራስ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1816 አረፉ። በሶልት ጉዞ መጥቶ በአገሩ የቀረው ናትናኤል ፒርስ ያን ጊዜም ትግራይ ውስጥ ነበር። መኳንንቱ ለሥልጣን እርስ በርስ ተዋጉ፤ በመጨረሻም የአጋሜው ደጃዝማች ሳባጋዲስ የበላይነቱን ያዙ።