ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንና የሐረማያ ሐይቅ

ሰው የአንበሳን ጥርስ አይቶ ይሸሻል፤ የገደልን አፍ አይቶ ይመለሳል። ውኃን ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ስለሚጠጣውና ስለሚታጠብበት እንደ ወዳጁ ይቈጥረዋል። አባቶቻችን የወዳጅ መስሎ የሚጐዳውን ሰው እያሳሳቀ በሚወስድ ውኃ የመሰሉት ይህን ጠባዩን ስላወቁ ነው። በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ሳቀርብ፥ ብዙ ጊዜ ስለ ዙፋናቸውና ስለ ስደታቸው ከሚነገረው ይልቅ፥ ገና ደጃዝማች ተፈሪ ሳሉ በአንድ ሐይቅ ላይ ስለ ደረሰባቸው አደጋ ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። ከዚያ አደጋ የሚገኘው ትምህርት ለእኛ ለወንዝ አገር ልጆች እጅግ የሚጠቅም ነውና።

ተፈሪ መኰንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው በዐድዋ ዘመቻ ስማቸው የታወቀው የሐረር ገዥ ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል፥ እናታቸውም ወይዘሮ የሺእመቤት ዓሊ ነበሩ። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው እናታቸው ስላረፉ፥ የእናትን ፍቅር ሳይጠግቡ በአባታቸው ጥበቃ ሥር አደጉ።

ራስ መኰንን ወደ ውጭ አገር ተልከው የሌላውን ዓለም ሥልጣኔ በዓይናቸው ያዩ መስፍን ስለ ነበሩ፥ ልጃቸው ከአገሩ ትምህርት ጋር የውጭ አገር ቋንቋ እንዲያውቅ ፈለጉ። ስለዚህ ከጓድሉፕ የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታልያን፥ በሐረር ከነበረው የካፑቺን ሚሲዮንም ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ፈረንሳይኛ እንዲያስተምሯቸው ሆነ። አባ ሳሙኤል ዕውቀትን ከትሕትና ጋር ያስተባበሩ መምህር ነበሩ። ለተማሪያቸው ቋንቋ አስተምረው ብቻ አልተለዩም፤ ልጁ አድገው ሹመት ከያዙ በኋላም እንደ መካሪና እንደ ወዳጅ ሆነው አብረዋቸው ኖሩ። ንጉሠ ነገሥቱም የሕይወታቸውን ታሪክ ሲጽፉ ይህን መምህር በታላቅ ምስጋና አስታውሰዋል።

በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ቁልቢ ላይ ታመው ዐረፉ። ወጣቱ ደጃዝማች ተፈሪ ያን ጊዜ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ተቀመጡ፤ በአዲስ አበባም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተማሩት ውስጥ አንዱ ሆኑ። የሰላሌንና የሲዳሞን ግዛት ከያዙ በኋላ በ1902 ዓ.ም. የአባታቸው አገር ሐረር ተሰጣቸው። በሚከተለው ዓመት በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነን አስፋውን አገቡ። እንግዲህ አደጋው በደረሰ ጊዜ ተፈሪ የትልቅ አገር ገዥ፥ ባለ ትዳርና አባት ነበሩ ማለት ነው።

ሐረማያ ከሐረር ወደ ድሬ ዳዋ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኝ ሐይቅ ነው። እንደ ጣና ሰፊ አይደለም፤ እንደ ዓባይ የሚገፋ ጕልበት የለውም፤ እንደ ባሕርም ማዕበል አያነሣም። በዳር ሆኖ ለሚመለከተው የሚያስፈራ ነገር የሌለበት ጸጥተኛ ውኃ ነበር። ግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ ከአባ ሳሙኤልና ከሌሎች ሰዎች ጋር ሆነው በጀልባ ወደዚህ ሐይቅ ገቡ። ከዳር ከራቁ በኋላ ጀልባዋ ውኃ አስገብታ ሰጠመች። ከተሳፈሩት ውስጥ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። ደጃዝማች ተፈሪ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ከሞት ተረፉ። አባ ሳሙኤል ተማሪያቸውን ለማዳን ሲሉ ሕይወታቸውን አሳልፈው እንደ ሰጡ እስከ ዛሬ ይነገራል።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቆመን እናስብ። በዚያ ቀን በጀልባዋ ውስጥ ዕውቀት አልጠፋም፤ መጽሐፍ የመረመሩ መምህር ነበሩ። ሥልጣንም አልጠፋም፤ የሐረርጌ ገዥ ራሳቸው ተቀምጠው ነበር። ነገር ግን ውኃ ሹመት አያውቅም፤ ለሊቅም አያዳላም። ውኃ የሚመረመረው በሌላ ጥያቄ ነው። ጀልባዋ ስንጥቅ አላትን? የምትችለው ስንት ሰው ነው? ከሚሳፈሩት ውስጥ ዋና የሚያውቀው ማን ነው? ብትሰጥም የሚያዝ የሚንሳፈፍ ነገር አለን? በዳር ሆኖ ሊረዳ የሚችል ሰው ቆሟልን? እነዚህ ጥያቄዎች የሚጠየቁት እግር ገና በደረቅ መሬት ላይ ሳለ ነው። ከዳር ከተለዩ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ ጸሎት እንጂ ምርመራ አይባልም።

ከዚያ ቀን የተረፈው ሕይወት ምን ያህል ነገር እንደ ተከተለው መቍጠር ይቻላል። አደጋው በደረሰ በዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሽረው ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ገባች። በ1917 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በመምህር እጅ ያደጉና መምህራቸውን በውኃ ያጡ ሰው ትምህርት ቤት ማቆማቸውን ሳስብ፥ የአባ ሳሙኤል ድካም በሐይቁ ውስጥ አብሮ እንዳልቀረ ይሰማኛል።

የተፈሪ ታሪክ ከእኛም አገር ጋር ይገናኛል። በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ከተባሉ በኋላ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ተቃወሟቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ ወሰን አንቺም ላይ በተደረገው ጦርነት አውሮፕላን ከሰማይ ታየ፤ ራስ ጉግሣም በዚያ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ ዐረፉ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በሐረማያ ሰጥመው ቀርተው ቢሆን የጋይንትና የስማዳ ሽማግሌዎች የሚተርኩት ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር፤ ምን ዓይነት እንደሚሆን ግን ማንም ሊናገር አይችልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚህ አጭር ጽሑፍ መዘርዘር አይቻልም። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሰጡ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሄዱ፤ በጄኔቭም ስለ አገራቸው ተናገሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከድል በኋላ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥራ ለብዙ ዓመት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆዩ። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ተዋሐደች ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል አቋቋሙ፤ የደጋ ልጆችም ዋናና ቀዘፋ፥ መርከብ መንዳትም ተማሩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በ83 ዓመታቸው ሞቱ። ስለ አገዛዛቸው የሚያመሰግንም የሚወቅስም አለ፤ ያን መመዘን የታሪክ ሊቃውንት ሥራ ነው።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ነገር ግን ብዙ ወገኖቻችን በውጭ አገር በውቅያኖስ ዳር ስለሚኖሩ፥ በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። በባሕር ዳርም የሐረማያ ትምህርት አይለወጥም። ማዕበል ወደ ዳር የገፋው ውኃ ተመልሶ ወደ ጥልቁ የሚሄድበት ጠባብ መንገድ ያበጃል። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ማዕበሉ አይሰበርም፤ ስለዚህ ዋና የማያውቅ ቤተሰብ ለልጆቹ ጸጥ ያለውን ቦታ መረጥሁ ብሎ ወደ ባሰው ስፍራ ይገባል። በዚያ ፍሰት የተያዘ ሰው ፊት ለፊት ቢታገለው ይደክማል እንጂ አያሸንፈውም። ሳይደነግጥ ተንሳፎ፥ ከዳሩ ጋር ጎን ለጎን እየዋኘ ከፍሰቱ ከወጣ በኋላ ወደ ዳር መመለስ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጠባቂ ዋናተኛ ባለበት ስፍራ መዋኘትና ሳይገቡ በፊት እርሱን መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ወገዳ እንመለስ። ስማዳን በደቡብ ዓባይ፥ በምሥራቅ በሽሎ ይከቧታል። ከእነዚህም ሌላ በየቀበሌው ገበያተኛውና ተማሪው የሚሻገራቸው ብዙ ወንዞች አሉ። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥን የምንሻገረው ወንዝ በክረምት ሌላ ፍጥረት ይሆናል። በራሳችን ላይ ፀሐይ እየወጣ ሳለ በላይኛው ደጋ የጣለ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የደረሰ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የወንዙን ራስ ይመልከት። ውኃው ድንገት ከደፈረሰ፥ ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ፥ ድምፁም ከተለወጠ ደራሹ ቀርቧልና ከዳር ይራቅ። እስከ ጕልበት የማይደርስ ውኃ እንኳ ሲፈጥን ጐልማሳን ያዳልጣል፤ ሕፃንን ግን ይወስዳል።

ልጆች ለመዋኘት የሚመርጡት ከዋናው ወንዝ የተለየውን ጸጥ ያለ ኵሬ ነው። እዚያም ምርመራ ያስፈልጋል። ውኃው የደፈረሰ ከሆነ ጥልቀቱ አይታይም፤ ስለዚህ በረጅም በትር ሳይለኩ አይገባም። ትናንት የታወቀው የኵሬ ወለል ከአንድ ሌሊት ሙላት በኋላ ሊለወጥ ይችላል። ጭቃ እግር ይይዛል፤ ከሥር የተደበቀ ድንጋይ ከላይ የሚዘልለውን ሰው አንገቱን ይሰብራል። በዓባይ ቈላ አዞ እንዳለም መርሳት አይገባም። ዳሩ የቆመ ዝግተኛ ውኃም በአንዳንድ ስፍራ የቢልሃርዝያ በሽታ ይሰጣል። ይህን ሁሉ በአካባቢው የኖረ ሽማግሌ ወይም እረኛ ከማንም ይልቅ ያውቃልና፥ እርሱን መጠየቅ የፈሪ ሥራ አይደለም።

ጓደኛ ሲሰጥም ያየ ሰው ልቡ ዝለል ዝለል ይለዋል። ዋናን በደንብ የማያውቅ ቢዘልል ግን ሁለት ሬሳ ይወጣል። ስለዚህ በዳር ሆኖ ጋቢውን፥ ነጠላውን፥ ገመድ ወይም ረጅም ዘንግ ይወርውርለት፤ እየጮኸም ሰው ይጥራ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ወንዝ ሲልኩ ሰዓቱንና ወራቱን ይምረጡ፤ ታናናሾቹን ያለ ታላቅ አይላኩ። መምህራንም ተማሪው ከወንዝ ማዶ መሆኑን እያወቁ፥ በሙላት ቀን የቀረውን በደካማነት አይቍጠሩት። የአንድ ቀን ትምህርት በማግሥቱ ይካካሳል።

የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ገደማ ደርቆ ነበር፤ ገበሬና ከብት በወለሉ ላይ ተመላለሱ። በቅርብ ዓመታት ውኃው ዳግመኛ ተመልሶ ታይቷል። በ1907 ዓ.ም. የሞቱት ሰባት ሰዎች ግን አልተመለሱም። እኛ ተማሪዎች ስለ ነገሥታት ስናነብ ትልቁን ጦርነትና ትልቁን ዐዋጅ ብቻ አንያዝ። የአንዲት ጀልባ ስንጥቅ አንድን ሊቅ መምህር እንደ ወሰደና አንድን የወደፊት ንጉሥ ሊወስድ እንደ ነበር እናስታውስ። ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከውኃ በፊት ምርመራ ይቅደም። የዚህ ትምህርት ቤት መዝገብ በሚመጣውም በዓል የሁላችንን ስም በሕይወት ካሉት ተራ እንዲያነብ እመኛለሁ።